ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ

በመስከረም 1875 ዓ.ም. ከዓለም ዳር እስከ ዳር የታየ ጅራታም ኮከብ ሰማይ ላይ ወጣ። ብርሃኑ ከማየሉ የተነሣ ለጥቂት ጊዜ በጠራራ ቀን ከፀሐይ አጠገብ ሳይቀር ይታይ ነበር። የደሴ ትውፊት እንደሚተርከው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በጦሳ ተራራ ሥር ሰፍረው ሳለ ይህንኑ ኮከብ አዩ፤ ቦታውንም ወደዱትና ከተማ እንዲቆረቆርበት አዘዙ። በጉሟ የምትታወቀው ደሴ ጥርት ባለ ሰማይ ሥር ተወለደች ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በነሐሴ መጥተው ቢሆን ኖሮ ኮከቡ ቀርቶ ጦሳ ራሱ ባልታያቸው ነበር።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ የምትገኘው ኮምቦልቻ ከ1,850 ሜትር ብዙም አትበልጥም። የቦርከና ወንዝ ከአንዷ ወደ ሌላዋ የሚወርደው በዶሮ መዝለያ ጠባብ ገደል ሾልኮ ነው፤ የመኪናው መንገድ ግን ሐረጎ የተባለውን ተራራ ይወጣና እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከቀይ ባሕርና ከአፋር በኩል የሚመጣው እርጥብ አየር ይህን ዳገት ሲወጣ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝም የተሸከመው እንፋሎት ወደ ጥቃቅን የውሃ ጠብታ ይለወጣል። ኮምቦልቻ ላይ ቆሞ ቀና ለሚል ሰው ደመና የሆነው፣ ሐረጎን ለሚወጣው ሰው ጉም ነው። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ጉም የሚሉት አንድ ኪሎ ሜትር አርቆ ማየት ሲያቅት ነው። በሐረጎ ክፉ ቀን ግን ዓይን ቢወጉ አይታይም።

የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ደሴን መናገሻቸው አድርገው የአይጠየፍን አዳራሽ ባሠሩበት ዘመን ወደ ከተማዋ የሚወጣው ሰውም ዕቃም በእግርና በጋማ ከብት ነበር። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የምትራመድ በቅሎ 20 ሜትር ከታያት ይበቃታል፤ ከፊቷ ያለው ገደል ላይ ለመድረስ 14 ሰከንድ ያህል አላት። ጉም መንገደኛውን ያዘገየዋል፣ ያበርደዋል፣ አንዳንዴም አቅጣጫ ያስተዋል። ዋነኛ ገዳይ የሆነው ግን ፍጥነት ሲመጣ ነው፤ ዓይንን ከጉም ጋር ለማስማማት የተሠራው መሣሪያም የመጣው ፍጥነትን ተከትሎ ነው። የሰሜን ዋልታ ሕዝቦች ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ጀምሮ ከእንጨት፣ ከአጥንትና ከባሕር እንስሳት ጥርስ የተቀረጸ፣ በቀጭን ስንጥቅ ብቻ የሚያሳይ መነጽር ነበራቸው። ያ የሚጠቅመው ግን ዓይን ለሚያሳውር የበረዶ ነጸብራቅ ነው። ጉም የሚያመጣው ችግር ሌላ ነው፤ ብርሃኑ ከየአቅጣጫው እኩል ስለሚመጣ ጥላ ይጠፋል፣ ጥላ ሲጠፋም ዳገቱ ከቁልቁለቱ፣ ጉድጓዱ ከሜዳው አይለይም።

ፍጥነት ወደ ኢትዮጵያ ሰማይ የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዕለት ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 አውሮፕላን አብርሮ አዲስ አበባ አረፈ። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር የሚችለው ይህ አውሮፕላን የአብራሪው ወንበር ጣሪያ አልነበረውም። ስለዚህ አብራሪው ከነፋስ፣ ከአቧራና ከሞተር ዘይት ዓይኑን የሚያድነው በማሰሪያ ከጭንቅላቱ ጋር የተጠበቀ፣ ዙሪያው የተሸፈነ መነጽር ነው። የዛሬው የበረዶ ሸርተቴ መነጽር የቅርብ ዘመድ ይህ ነው። ማዬ አዲስ አበባ ካረፈ ስምንት ወር ሳይሞላ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት የመንግሥት አውሮፕላን ባመፁት በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ መጀመሪያ የጽሑፍ ወረቀት፣ ቀጥሎም ቦምብ ጣለ። የዚያን ጊዜ አብራሪ በተራራማው የወሎና የበጌምድር ሰማይ ላይ መንገዱን የሚያገኘው በዓይኑ እያየ ነው። ደመና ከገባ መነጽሩ ከነፋስ ይከልለዋል እንጂ ተራራ አያሳየውም።

በኅዳር 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር መምሪያቸውን ወደ ደሴ አዛወሩ። «ቡናማው ኮንዶር» የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን በእነዚያ ወራት ከአዲስ አበባ ወደ ጦር ግንባሩ አካባቢ መልእክትና ሰው ያመላልስ ነበር። ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ ሆስፒታልም ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ይዘው ተኮሱ። ከላይ ቦምብ የሚጥል አብራሪ ዒላማውን ማየት አለበት፤ ከታች ላለው ሰው ደግሞ መከለያ የሚሆነው ሌሊትና ደመና ነው። በእነዚያ ሳምንታት የደሴ ሰው ጥርት ያለውን ሰማይ ፈርቶ ጉሙን ቢመኝ የሚያስገርም አይሆንም።

ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ደሴ ገባ። ከ11 ቀን በኋላ የጦሩ አዛዥ ባዶሊዮ ከ1,700 የሚበልጡ ተሽከርካሪዎችን አሰልፎ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። አርበኞች ያፈረሱት መንገድ፣ ዝናቡና የጣርማ በር ጭቃ ሰልፉን ያዘው፤ ዋና ከተማዋን የያዙት ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ በሆነው በጣርማ በር ላይ ዋሻ እስከ መብሳት ያደረሳቸውም ይህ ችግር ነው። ከአሥመራ በደሴ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚዘልቀው፣ ከኮምቦልቻም በባቲ በኩል ወደ አሰብ የሚወርደው የመኪና መንገድ በእነዚያ የወረራ ዓመታት ተሠራ። ከዚያ በኋላ በሐረጎ ጉም ውስጥ የሚያልፈው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ብቻ አልሆነም። ጣሊያኖች የሠሩት መንገድ በመጨረሻ ለመውጫቸው ዋለ፤ የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከአርበኞች ጋር ሆኖ ኮምቦልቻ ላይ ለቀናት ከተዋጋ በኋላ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴ ነፃ ወጣች።

ጣሊያኖች ሐረጎን ሲቆፍሩ በአውሮፓ አንድ እምነት ሕግ እየሆነ ነበር። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1936 ባወጣችው ሕግ የመኪና የፊት መብራት ሁሉ ቢጫ እንዲሆን አዘዘች፤ ሕጉ እስከ 1993 ጸንቶ ቆየ። አንዱ ምክንያት ቢጫ ብርሃን ጉም ይሰነጥቃል መባሉ ነው። በጠራ ሰማይ ላይ ያሉ የአየር ቅንጣቶች ከብርሃን ሞገድ እጅግ ስለሚያንሱ ሰማያዊውን አብልጠው ይበትናሉ፤ ሰማዩ ሰማያዊ የሚሆነውም ለዚሁ ነው። የጉም ጠብታ ግን ከብርሃን ሞገድ አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ ይተልቃል። ያን የሚያህል ጠብታ ቢጫውንም ሰማያዊውንም ቀዩንም እኩል ይበትናል። ቢጫው መብራት ለአንዳንድ ዓይን ለስለስ ሊል ይችላል፤ ጉሙን ግን አይሰነጥቅም። እምነቱ ከሕጉ በላይ ዕድሜ አገኘ። ዛሬም በደሴ ይሁን በአዲስ አበባ ይህን ነገር አጥብቆ የሚከራከር አሽከርካሪ ማግኘት አይከብድም።

የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር ጭምር፣ የተጎዱትን መንገዶች መጠገን ያዘ። ቀጥሎ የመጣው የኤንትሬ ዘመን ነው። ፊያት 682 ኤን 3 የጭነት መኪና ተሳቢውን አስከትሎ ከአሰብ ወደብ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ከዚያ ግማሹ ወደ አዲስ አበባ፣ ግማሹ ሐረጎን ወጥቶ ወደ ሰሜን ይሄዳል። በ1950ዎቹ መጨረሻ አሰብ ላይ የነዳጅ ማጣሪያ ሲሠራ ቦቴዎቹ ተጨመሩ። ቆላውንና ደጋውን በአንድ ቀን የሚያቋርጥ ሾፌር ከጉሙ ሌላ የራሱን መስታወት መታገል አለበት። ከኮምቦልቻ ሙቀት ወደ ደሴ ብርድ የሚወጣ አውቶቡስ ፓራብሬዛው ከውስጥ ይታፈናል፤ የተሳፋሪው ትንፋሽ በቀዘቀዘው መስታወት ላይ ውሃ ይሆናልና። ረዳቱ በጨርቅ ይወለውላል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ከኋላ «ብርድ ገባ» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ነገሩ ይገለበጣል። ሲያድር የቀዘቀዘው መስታወት የቆላውን ሞቃትና እርጥብ አየር ሲያገኝ የሚያልበው ከውጭ ነው። ያን ጊዜ ከውስጥ ቢወለውሉት ዋጋ የለውም፤ የዝናብ መጥረጊያውን ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

በዩናይትድ ስቴትስ በረዷማ ተራሮች ላይ ይሸራተት የነበረው የጥርስ ሐኪም ቦብ ስሚዝ የታገለው ከዚሁ ከመስታወት መታፈን ጋር ነው። የሸርተቴ ሰው ፊቱ ይሞቃል፣ ያልበዋል፣ መነጽሩ ደግሞ ከውጭ በብርድ ይገረፋል፤ ስለዚህ ገና ቁልቁለቱ መሐል ሳይደርስ መስታወቱ ከውስጥ ይታፈናል። ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1965 መላ አበጀ። ሁለት ሌንስ ደራርቦ በመካከላቸው አየር ዘጋበት፤ የውስጠኛው ሌንስ እንደ ፔርሙዝ ሙቀቱን ስለሚይዝ እንፋሎት አይረጋበትም። ዙሪያውን ደግሞ እርጥበት በሚያሳልፍ ስፖንጅ አበጀው፤ ላቡ መውጫ አገኘ፣ በረዶው ግን አልገባም። ዛሬ በገበያ ላይ ያለው ደህና የስኪ መነጽር ሁሉ የዚያ ሥራ ልጅ ነው።

የመስታወት መታፈን ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደሆነ ዓለም ያየው በዓመቱ ነው። ጠፈርተኛው ዩጂን ሰርናን እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1966 ከጀሚኒ 9 መንኮራኩር ወጥቶ በጠፈር ላይ ሲሠራ፣ ከድካሙ የመጣው ላብ የራስ ቁሩን መስታወት ሸፈነው። ማየት ስለተሳነው ሊሞክር የወጣውን በጀርባ የሚታዘል መንቀሳቀሻ ሳይሞክር ተመለሰ። ናሳ ከዚያ በኋላ የጠፈርተኞቹን መስታወት ከመውጣታቸው በፊት ጉም የሚከላከል ፈሳሽ መቀባት ጀመረ። የዛሬ የስኪ መነጽሮችም የውስጥ ገጻቸው ይህን መሰል ቅብ አለው። ቅቡ ስስ ስለሆነ በጓንት ጣት የሚፈተግ ሰው በጥቂት ቀን ይልጠዋል። እርጥበቱን በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብሎ ነካ ነካ ማድረግ፣ አለዚያም እስኪደርቅ መተው ይሻላል። መነጽሩን ባላበው ግንባር ላይ ሰቅሎ ማረፍም ክፉ ልማድ ነው።

መታፈኑ መላ ሲገኝለት ቀለሙ ተራውን ያዘ። አምራቾች ሌንሶችን በሚያሳልፉት ብርሃን መጠን ከኤስ 0 እስከ ኤስ 4 ይመድቧቸዋል። ኤስ 0 ከ80 በመቶ በላይ፣ ኤስ 1 ከ43 እስከ 80፣ ኤስ 2 ከ18 እስከ 43፣ ኤስ 3 ከ8 እስከ 18፣ ኤስ 4 ከ3 እስከ 8 በመቶ ያሳልፋል። ለፀሐያማ በረዶ ኤስ 3 ይመረጣል። ደመና ለወረደበት፣ ጥላ ለጠፋበት ቀን የሚበጀው ኤስ 1 ነው፤ ቀለሙም አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ፣ ሮዝ ወይም ብርቱካንማ ይሆናል። እነዚህ ቀለሞች ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚቀንሱ በበረዶው ገጽ ላይ ያለውን ጥቂት የብርሃንና የጥላ ልዩነት ጎላ አድርገው ያሳያሉ። እንደ ኦክሌይ ፕሪዝምና እንደ ስሚዝ ክሮማፖፕ ያሉት የቅርብ ጊዜ ሌንሶች የተወሰኑ የቀለም ሞገዶችን እየመረጡ ይቀንሳሉ፤ ዓላማቸው ግን ያው ነው። በዴንቨር፣ በካልጋሪ ወይም በኦስሎ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ልጆቹን ወደ ተራራ ሲወስድ፣ አንድ ጠቆር ያለና አንድ ፈዘዝ ያለ ሌንስ የሚቀያየርበት መነጽር ቢገዛ ገንዘቡን አያባክንም። ይህን ሁሉ ካሉ በኋላ ግን አንድ እውነት ይቀራል፤ ሌንስ ያለውን ልዩነት ያጎላል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። ነጭ በነጭ በሆነ ጉም ውስጥ ጥሩ ሸርተቴ ተጫዋች ወደ ጫካው ዳር የሚጠጋው የዛፎቹ ጥቁረት ቁልቁለቱን ስለሚያሳየው ነው።

በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ኮምቦልቻን ያሳደጉት የወደብ መኪናዎችም ፊታቸውን ወደ ጂቡቲ አዞሩ። በዚያው ዓመት በብሪታንያ የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ስኖውደንና ባልደረቦቹ ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አንዲት አጭር ጥናት አወጡ። ለሐረጎ ሾፌር ከዚህ የሚበልጥ ጥናት ማግኘት ያስቸግራል። ተሳታፊዎቹን በመኪና መንዳት ማስመሰያ ላይ አስቀምጠው በተወሰነ ፍጥነት እንዲነዱ ጠየቋቸው። ጉሙ ሲወፍር ሰዎቹ ሳይታወቃቸው ፍጥነት ጨመሩ። አንጎል ፍጥነትን የሚለካው በጎን የሚያልፉትን ነገሮች እያየ ነው፤ ጉም እነዚህን ሲያደበዝዝ መኪናው ቀስ ብሎ የሚሄድ ይመስላል። ጉም መንገዱን ከመደበቁ ሌላ ፍጥነትንም ሊደብቅ ይችላል ማለት ነው።

ከስምንት ዓመት በኋላ ኢትዮጵያ በበረዶ ላይ ቆመች። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሮቤል ተክለማርያም የካቲት 10 ቀን 1998 ዓ.ም. በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ በ15 ኪሎ ሜትር የአገር አቋራጭ ስኪ ውድድር ተሰለፈ፤ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። 83ኛ ወጣ። የአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳዳሪ ትልቁን ዝግ መነጽር ብዙም አያደርግም። ሳንባው እንደ ረጅም ርቀት ሯጭ ስለሚሠራና ላቡ ስለሚወርድ ዝግ መነጽር ወዲያው ይታፈንበታል፤ የሚመርጠው አየር የሚያስገባ ቀላል መነጽር ወይም ከግንባር የሚንጠለጠል መከለያ ነው። ሮቤል በ2002 ዓ.ም. በካናዳ፣ ዊስለር ወደ ክረምት ኦሊምፒክ ተመለሰና የካቲት 8 ቀን ተወዳድሮ 93ኛ ሆነ። በዚያ ሳምንት የዊስለር የአየር ጠባይ ክፉ ነበር፤ የወንዶች የቁልቁለት ውድድር ከተያዘለት ቀን ተላልፎ የተካሄደው ሮቤል በተወዳደረበት ዕለት ነው። በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚወርዱ፣ በዓለም ምርጥ የተባለውን ሌንስ ያደረጉ ሰዎችን የያዙ አዘጋጆች የአየሩ ጠባይ ሲከፋ ያደረጉት ነገር መጠበቅ ነው።

በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። የሁለቱ ከተሞች አውሮፕላን ማረፊያም ኮምቦልቻ ስለሆነ ደሴ የሚሄደው መንገደኛ ከአውሮፕላን ወርዶ ሐረጎን በመኪና ይወጣል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በቦስተን የሸፐንስ የዓይን ምርምር ተቋም ሳይንቲስቶች «የማታ መንጃ» እየተባለ የሚሸጠውን ቢጫ መነጽር ፈትነው ያገኙትን አወጡ። ቢጫ መነጽር ያደረጉት ሰዎች ከፊታቸው የሚመጣ መኪና መብራት ሲያበራባቸው እግረኛን በመለየት ነጭ መነጽር ካደረጉት አልተሻሉም። ለበረዶ ተራራ የተሠራው ቢጫ ሌንስ ለማታ አስፋልት አይሆንም፤ ማታ ላይ ማንኛውም ቀለም ያለበት መስታወት ካለችው ጥቂት ብርሃን ይቀንሳል። የመነጽር ደረጃ አውጪዎችም ከ75 በመቶ በታች የሚያሳልፍ ሌንስ ለምሽትና ለሌሊት መንዳት እንዳይውል፣ ኤስ 4 ደግሞ በቀንም ሆነ በሌሊት መሪ ላይ ጨርሶ እንዳይደረግ ይደነግጋሉ።

ስሌቱን ማንም ሾፌር በራሱ ሊሠራው ይችላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። 50 ሜትር ብቻ በሚታይበት ጉም ውስጥ የቆመ ተሳቢ ቢያጋጥመው፣ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ግማሹ መንገድ አልቋል፤ የቀረው ደግሞ እርጥብ አስፋልት ላይ ለማቆም አይበቃም። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳው 20 ሜትር አካባቢ ላይ ይቆማል። ረጅም መብራት ጉሙን ነጭ ግድግዳ አድርጎ ወደ ሾፌሩ ዓይን ይመልሰዋል፤ አጭር መብራትና ዝቅ ተደርጎ የተገጠመ የጉም መብራት ግን ከጉሙ ሥር አስፋልቱን ያሳያሉ። ሾፌሩ የሚከተለው የመንገዱን ዳር መስመር ነው፤ መስመሩ ከሌለ ወይም ከደበዘዘ በገደሉ በኩል ምን እንዳለ የሚነግረው ነገር የለም።

ስለዚህ ይህን መንገድ የሚያስተዳድሩ ሁሉ በየዓመቱ ሰኔ ከመግባቱ በፊት የሐረጎን የዳር መስመር ያድሱ፤ በየኩርባው ላይም አንጸባራቂ ይትከሉ። ከኮምቦልቻ ሲነሡ ሐረጎ ተሸፍኖ ያዩ አሽከርካሪዎች ደግሞ መስታወታቸውን ከውስጥም ከውጭም ይጥረጉ፣ ቢጫም ይሁን ጥቁር መነጽራቸውን ያውልቁ፣ አጭሩን መብራት ያብሩ፣ ፍጥነታቸውን በስሜት ሳይሆን በቆጣሪው ይለኩ። ማቆም ካስፈለጋቸውም ከአስፋልቱ ፈጽመው ይውጡ።